እናቴን አይጽፏትም?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ «ማዕቀብ በድሃ ኑሮ ላይ ያለውን ጫና ለማጥናት የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ብላ ጠየቀችኝ። መለስኩላት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

አሜሪካ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያዋን ከከፈተችበት ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ያስወጣችው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በወጉ ማዕቀብ አይባልም፤ ከቀረጥ ነፃ የመሸጥ ዕድልን መንፈግ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ መጠይቄን ይዤ የልብስ ፋብሪካዎች ባሉበት በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሴት ልጆች ይኖራሉ። ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጄሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ በፌስታል። ከሥራ የተቀነሰችው ትንሿ ነበረች።

«የቤተሰብ ብዛት?» አልኳት።

«እዚህ ያለነውን ነው?»

መመሪያው «በአንድ ማዕድ የሚበሉ» ስለሚል አዎ አልኳት። አራት አለች። ኪራይ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ታክሲ፣ ሁሉንም መዘገብኩ። ልነሳ ስል «ጋሼ፣ እናቴን አይጽፏትም? በየወሩ እልክላት ነበር እኮ። የወንድሜም ደብተር ከዚያው ነው» አለችኝ። ቦታ አልነበረውም። «ይሄ እዚህ የሚኖሩትን ብቻ ነው» ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ። ዳር ላይ በእስክሪብቶ ብጽፈው ማን ይከለክለኝ ነበር? ቡና አፍልተው ነበር፤ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሠንጠረዤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የእናትየው ጓዳ ግን የለበትም።

የዛሬ ልጆች ዳታ አውርዳችሁ ነው የምትጀምሩት፤ ጫማችሁ ጭቃ አይነካም። ይህ ያሳስበኛል። ደግሞ ልብን የነካ ሁሉ ይጻፍ አልልም። በማዕቀብ ሥር በነበረችው ኢራቅ በ1999 እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት የሕፃናት ሞት በእጅጉ ጨምሯል ብሎ ዓለምን አስደንግጦ ነበር፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያንን ከፍተኛ ጭማሪ አላገኙትም። ስለዚህ መጠይቁን አክብሩ፤ ዳሩን ግን ባዶ አትተዉት።

ከዓመት በኋላ ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። ክፍሉን ሌሎች ተከራይተውታል። አከራይዋ «አገሯ ገባች» አሉኝ። አገሯ የት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኳትም።