የሰፈራችንን ኮረብታ ጥብቅ ቦታ ለማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጥብቅ ቦታ ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ምሳሌዬ በብዛት የመንዝ ጓሳ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የሣር ተራራ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻውን ለማን እናስገባ?

ወረቀቱ ይቆይ። መጀመሪያ በቦታው የሚጠቀመው ማን ነው? ሣር አጫጁ፣ ከብት የሚያሰማራው፣ ማገዶ ለቃሚዋ። እነሱ ሳይስማሙ ማኅተም ቢመታ ዋጋ የለውም። ከዚያ ከቀበሌና ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጋር ሆናችሁ ወሰኑን አስለኩ። አጎራባቾቹ ይገኙ፤ አለዚያ በማግስቱ ክስ ነው።

ጥያቄ፦ መንዞች እንዴት ቻሉት?

በቀሮ ሥርዓት። የሁለቱ ቀደምት አባቶች፣ የአስቦና የገራ ዘሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለቃ እየመረጡ ጓሳን ይጠብቁ ነበር። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለእረኛ ገሳ ይሆናል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፣ መብቱ በዘር ላይ የቆመ ነበርና። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ጥበቃውን አነሣው። ክልሉ በሕግ ያወቀላቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፣ ወረቀቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ቀይ ቀበሮ የለም። ጅብና ጦጣ ብቻ ነው።

ቀይ ቀበሮ ግዴታ አይደለም! ዛፍ ካላችሁ የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። በዚያ በኩል ብትሄዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ብንተክልስ?

ይቅርባችሁ። ውኃውን ይጨርሰዋል፣ ሣሩም ከሥሩ አይበቅልም።

ጥያቄ፦ ከብት ከገባ አውሬው ይጠፋል አይደል?

እንደ ብዛቱ ነው። ለቀይ ቀበሮ እኔን የሚያሳስበኝ የእረኛው ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል። ቀበሮው ከጭላዳ ጋርማ ተስማምቶ ይኖራል። ጓሳ ላይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ እነሱም አይሸሹትም። እዚያው አይጡን ያድናል። ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፦ በመንጋው መሃል ሲያድን 67 በመቶ ይቀናዋል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ግልገል ጭላዳ የነካ ቀን ግን ተባሮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጠባቂው ደመወዝ ከየት ያግኝ?

ጓሳዎች ለቱሪስት የሚያከራዩት ሎጅ አላቸው። እናንተ ከሌላችሁ ከሣሩ ሽያጭ ቁረጡለት፣ ስንት እንደሆነም በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት። በነጻ የሚጠብቅ ሰው ክረምቱን አይዘልቅም።