ለብርዳማ ጓሮ የሚስማማ ቀይ ሥር

ጥያቄ፦ የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነው። ዓምና ከገበያ በስኒ ተሰፍሮ የተሸጠልኝን፣ ስሙን የማላውቀውን የቀይ ሥር ዘር ኅዳር ላይ ጓሮዬ ዘርቼ ነበር። ገሚሱ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ጥቂቱ ሥሩ ሳይወፍር አገዳ አውጥቶ አበበ፤ የተረፈውም ከጣት አልበለጠም። አፈሩ ክረምት ላይ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ዘንድሮ በፓኬት የታሸጉ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ስላየሁ የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለእርስዎ ጓሮ የምንመርጠው ዲትሮይት ዳርክ ሬድ የሚባለውን ክብና ደማቅ ቀይ ዝርያ ነው። ከ1892 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ የቆየ ዝርያ ሲሆን፣ ሥሩ በአብዛኛው በአፈሩ ገጽ አካባቢ ስለሚወፍር ከባድ አፈርን ከረጃጅሞቹ ዝርያዎች በተሻለ ይችላል። ክሪምሰን ግሎብም ክብ ስለሆነ የመጀመሪያውን ካጡ እርሱን ቢገዙ አይጎዱም። ሲሊንድራ ግን ሥሩ እንደ ካሮት የሚረዝም በመሆኑ ጥልቅና ልል አፈር ይፈልጋል፤ ሲከተፍ እኩል እኩል ክብ ስለሚወጣው ቢያጓጓም፣ ለጥቁር አፈር አንመክረውም። ሲቆረጥ ነጭና ሮዝ ቀለበት የሚያሳየው ኪዮጃ የተባለው የጣሊያን ዝርያ ደግሞ ለዓይን ያማረ ነው፤ ሆኖም ሲቀቀል ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፣ በጾም በያይነቱ ላይ ያንን ደማቅ ቀይ ለሚፈልግ ቤት አይሆንም።

ያለ ጊዜው ማበቡን በተመለከተ፣ ቀይ ሥር በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ምግቡን በሥሩ ያከማቻል፣ ብርዱን ካሳለፈ በኋላ ያብባል። እንደ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ኅዳር ላይ የተዘራ ችግኝ ገና በለጋነቱ ለሳምንታት ውርጭና ብርድ ስለሚፈራረቅበት፣ አንዳንዱ ዓመቱን የጨረሰ ያህል ወደ አበባ ይቸኩላል። ቦልታርዲ የሚባለው ዝርያ ይህን ጠባይ እንዲቋቋም ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ፣ ካገኙት ሳያመነቱ ይግዙት። ካላገኙት የዘር ጊዜውን መለወጥ ይበቃል፤ ውርጩ ሲቀንስ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ይዝሩና የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ ውኃ ያጠጡ። (ዘመድ ሸዋ ሮቢት ካለዎት ችግሩ ሌላ ነው፤ በቆላ ሙቀት ቀይ ሥር ውስጡ ነጣ ያለ ቀለበት ያወጣል።)

አሁን አንዲቷን ዘር መዳፍዎ ላይ አድርገው ይመልከቷት። ሻካራዋ ቡናማ ፍሬ አንድ ዘር ትመስላለች እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዘር ያቀፈች ጥቅል ናት። ስለዚህ ምንም ያህል አራርቀው ቢዘሩ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ይወጣል፤ ያ ካልሳሳ ደግሞ እርስ በርሱ እየተሻማ እንደ ዓምናው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ቡቃያው አራት ቅጠል ሲያወጣ ብርቱውን አስቀርተው ሌላውን አይንቀሉት፤ የቀረውን ሥር እንዳያናጋ ከግንዱ ሥር በመቀስ ይቁረጡት። በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። የቆረጡትን ቅጠል አይጣሉት፤ ቀይ ሥርና ቆስጣ የአንድ ተክል ልዩ ልዩ ዝርያዎች ስለሆኑ እንደ ቆስጣ ይሠራል።

ቅጠል ብቻ ሆኖ የቀረው፣ ትኩስ ፍግ ከጨመሩበት ወይም ጥላ ካጠላበት፣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ፤ በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት ብቻ ይቀላቅሉ፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍም መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉት። ዘሩን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቅበሩት።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የ60 ቀን ገደማ ጊዜ ለሞቃት አገር ነው፤ በእርስዎ ብርድ ሦስት ወር ያህል ይጠብቁ። ሥሩ ከእንቁላል በለጥ፣ ከጡጫ አነስ ሲል ያውጡት፤ ከዚያ ካለፈ እንጨት እንጨት ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይደርስብዎት፣ የፓኬቱን ግማሽ አሁን በተባለው ጊዜ፣ የቀረውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝሩ።