ስኳር ጣሳ ውስጥ የተደበቀው መድኃኒት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ከታመመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለው። ከዚያ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው ማለት ጀመረ፤ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈነው፤ ብቻውን ያወራል። አማኑኤል ወስደነው መድኃኒት ጀመረ፤ ተሽሎትም ነበር። በኋላ ግን ጠበል ቦታ ያገኘነው አንድ ሰው «ክኒን እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም፤ እምነት ማጣት ነው» አለን። አቆመ። ወር ሳይሞላው እንደገና ተነሣበት። አሁን መልሶ ጀምሯል፣ እኔን ግን ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። መድኃኒቱንም ሰው እንዳያይብኝ ስኳር ጣሳ ውስጥ ደብቄ ነው የምሰጠው። ሠፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ተበታትነዋል፤ ገሚሱ አራብሳ ነው፣ ገሚሱ የት እንደደረሰም አላውቅም። እኛ አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው ያለነው። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገርዎትና ደክሞኛል። አንዳንዴ ጥዬው ብሄድስ እላለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። መድኃኒትና ጠበል አብረው አይሄዱም? ደከመኝ ማለቴስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እንዴት ነሽ? ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁሉ የያዘኝ ስኳር ጣሳው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አጭሩን ላስቀድም። መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ግለጪና አንብቢ። ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ወረድ ስትዪ ደግሞ፣ ስትታመም ወደ እግዚአብሔር ጸልይ፣ ከኃጢአትህም ተመለስ ካለ በኋላ፣ ለባለ መድኃኒቱም ቦታ ስጠው፣ ከአንተ አይራቅ ይላል። ጸሎቱም ሐኪሙም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሙያው ምን ነበር? ባለ መድኃኒት።

ይኼ ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን «ጠበል ከያዝክ መድኃኒት አትውሰድ» ይባሉ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይቃረኑም አሉ። ለደም ሕመም ያልተጣሉ ጠበልና ክኒን፣ ለአእምሮ ሲሆን የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም።

«መንፈስ ቢሆንስ?» ትዪኝ ይሆናል። እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ በሩቅ ሆኜ በባለቤትሽ ላይ አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ላሳይሽ። ማቴዎስ 4፥24 ላይ ወደ ጌታ ያመጧቸውን ሕሙማን ሲቆጥር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ነው የጠራቸው። ወንጌል ለይቶ የቆጠረውን እኛ ደርበን «ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው» እያልን አንድ ከረጢት ውስጥ ለምን እንከታለን? ሕመሙ ሕመም ከሆነ ሐኪም ያክመው። ሌላ ነገርም ካለበት ጠበሉና ጸሎቱ አለለት። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግሽም።

ስለዚህ ከሐኪሙ ሳትማከሩ መድኃኒቱን ዳግመኛ እንዳታቆሙ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ እንደሚመለስ በቤትሽ አይተሽዋል። ካፈዘዘው፣ ሰውነቱን ካደረቀው ወይም ካንቀጠቀጠው ይኼንኑ ለሐኪሙ ንገሪው። መጠኑን የሚቀንስ፣ የሚለውጥ እሱ ነው። ጠዋት ለጠበል ባዶ ሆዱን ከሄደ የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። ክኒኑን እንደዋጠ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ቢያስመልስ መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል። ጾሙን በተመለከተ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ታማሚ በአቅሙ ነው የሚጾመው፤ ይኼን የማያውቅ ካህን የለም። ለታመመ ሰው ጸሎት ተደርሶ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢረ ቀንዲልም አለ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ያላትን ሁሉ ለእሱም ጠይቂለት።

አሁን ወደ ጣሳው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲናደድ «አንተን አማኑኤል ነው የሚያስፈልግህ» ይላል። ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ እዚሁ ቅጽር ግቢ ውስጥም፣ ያውም ነጠላ ካጣፋ ሰው አፍ። አማኑኤል ማለት ምን ማለት ነው? ማቴዎስ ይተረጉመዋል፦ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር። እንዲህ ያለውን ስም የያዘ ሆስፒታል፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የስንቱን ቤት ሸክም የተሸከመ፣ እኛ ስድብ አደረግነው። ዛሬ እንኳ እንደ ዘውዲቱና ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ለመረጃ ያህል። ለማንኛውም አንቺ ክኒኑን ስኳር ውስጥ የደበቅሽው እምነት ጎድሎሽ አይደለም። እኛ ምላሳችንን ስላልገራን ነው። ወቀሳው ለእኛ ይሁን።

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መፃጉዕ እንደሚባል ታውቂያለሽ። 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው። (ሲራክም 38፣ መፃጉዕም 38፤ አጋጣሚ ነው፣ ምሥጢር አላወጣለትም።) ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ሰውየው ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገረም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው አጠገቡ ነበር። መልአኩ ይወርዳል፣ ውኃው ይናወጣል፣ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ግን የለም። መልእክትሽን ሳነብ ያስታወሰኝ ይኼን ቦታ ነው። ጠበሉ አለ። ክኒኑ አለ። ጎረቤት አራብሳ ሄዷል፣ እድሩ ተበትኗል፣ ለቀሩት ደግሞ አልተነገረም።

ስለ እድር ካነሣሁ አይቀር፦ ሰው ሲሞት ድንኳን እንጥላለን፣ ወንበር እናወርዳለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ከሐዘንተኛው ጋር እናድራለን። ማንም አስታውሱን አይልም። አንድ አባወራ ዓመት ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ግን የእድሩ ጥሩምባ አይነፋም። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ቤት ለቤት ሲያስታምሙ አይተናል። ስለዚህ ይቻላል።

በእኛ ደብርም የሰንበቴ ማኅበርተኞች የጀመሩት ነገር አለ። ፕሮግራም ብዬ ብጠራው ይስቁብኛል። እንዲህ ነው፦ ከመካከላቸው አንዷ ልክ እንደ አንቺ ወንድሟን ደብቃ ኖራ አንድ እሑድ ሰንበቴ ቤት ውስጥ ዳቦውን እንደያዘች አለቀሰች። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለቴ ነው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። «እንጸልይላት» ሳይሉ መጀመሪያ የጠየቋት «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» ብለው ነው። በሳምንቱ ተራ ወጣ። ረቡዕ ከሰዓት አንዷ ቤቷ ሄዳ ከወንድሟ ጋር ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፤ ቡና ታፈላለች፣ እሱ ካወራ ትሰማለች፣ ካላወራ ሽንኩርት ትልጣለች። እኅትዬዋ ያን ሰዓት ትተኛለች። ከወንዶቹ ሁለቱ በወሩ የመርፌ ቀጠሮ በጠዋት ሄደው ወረፋ ይይዛሉ። አንዱ የጤና መድኑን ደብተር ወረዳ ሄዶ አሳደሰላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስንጀምር ተሳስተናል፣ አልደብቅሽም። አንድ ጊዜ የታማሚውን ስም ከነሕመሙ ጮክ ብለን ጠርተን ጸለይን። በማግስቱ የሠፈሩ ሱቅ ድረስ ተሰማ። ያ ቤተሰብ ተቀይሞ ሄደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝና። ከዚያ ወዲህ የክርስትና ስም ብቻ ነው የምንጠራው። ቤት ውስጥ የታየ ቤት ውስጥ ይቀራል። «ጥንቆላ ሞክሩ»፣ «ክኒን አቁሙ» ያለች ሴት ከተራው ትወጣለች። ይኼን ያስቀመጡት እሳቸው ሙሴዋ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም።

ደከመኝ ማለት ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው ነቢዩ ኤልያስን ልጥራልሽ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ብዙ ሳይቆይ በረሃ ገብቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው፤ መንገዱ ይበዛብሃል ብሎ። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው፤ ትምህርቱም ተልእኮውም የመጣው እዚያ ነው። ታዲያ አንቺ በየትኛው እንጀራና በየትኛው እንቅልፍ ነው ሁለት ዓመት የተጓዝሽው?

ጥዬው ብሄድ የሚለው ሐሳብ መምጣቱም አያስደንቀኝም። ስትጋቡ ደዌም ጤናም እንዳለ አውቀሽ ነው የተክሊሉ ጸሎት የደረሰልሽ፤ ብቻሽን ተሸከሚው ግን አልተባልሽም። ለንስሐ አባትሽ ስትነግሪ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሽም ንገሪያቸው። ካህኑ ቀኖና ለመስጠት ይኼን ማወቅ አለባቸው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግርሻለሁ። ባለቤትሽ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ፣ ወይም በአንቺና በልጆቹ ላይ እጁን ካነሣ፣ ነገ ጠዋት ጠበል አደርሰዋለሁ ብለሽ እንዳታድሪ። በዚያው ሰዓት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ብቻውን አትተዪው። ልጆቹን ለጊዜው ዘመድ ቤት ማሳደርም ባልን መክዳት አይደለም። ገመድና ሰንሰለት የሚያቀርብልሽ ሰው ቢመጣ፣ የፈለገውን ያህል መንፈሳዊ ቢመስል፣ እምቢ በዪው።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፣ ለሁሉም አትናገሪ። ለአንድ ሰው ንገሪ። አዲሱ ሰፈርሽ ካለው ደብር ሰንበቴ ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብተሽ ተቀመጪ፤ ብዙ የማታወራዋን፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን የምታየዋን ምረጪ። «እኅቴ፣ ሰው የለኝም» በያት። ካልሆነልሽ መልእክት ጻፊልኝ፤ ሙሴያችንን አገናኝሻለሁ፣ ከአራት ኪሎ እኛ ጋ በእግርም ይመጣል።

ጣሳው ግን ዛሬውኑ ይነሣ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ ስኳር ፍለጋ እጃቸውን ይሰዳሉ። መድኃኒቱን እጃቸው የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከጸሎት መጽሐፉ አጠገብ አድርጊው።