አባቴ ክኒኑን ትተው በጁስና በእሑድ ሩጫ ሊኖሩ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። 59 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢሮ ተቀምጠው ነው የሠሩት። ከጥቂት ወራት በፊት ለዓይናቸው ብለው ሐኪም ቤት ሄደው ግፊታቸው ሲለካ 160/100 ሆነ። ሌላ ቀን ተደገመ፣ ያው ነው። ኤናላፕሪል የሚባል የግፊት ክኒን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ ፍራፍሬ ይብሉ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ ብሏቸው ነበር፤ አባቴ ደግሞ አንዴ የያዙትን ነገር አይለቁም። ከሥራ ሲወጡ ጁስ ቤት ገብተው ትልቁን ብርጭቆ ስፕሪስ ይጠጣሉ። እሑድ ማለዳ ቱታቸውን ለብሰው የመስቀል አደባባይን ደረጃ ከወጣቶች ጋር እየሮጡ ይወጣሉ፤ ከዚያ እስከ ረቡዕ «ጉልበቴን» እያሉ ከሶፋው ንቅንቅ አይሉም። አሁን ጭራሽ «ስፖርት እየሠራሁ ክኒን ምን ያደርግልኛል» ማለት ጀምረዋል። ስናገራቸው «ደግሞ አንቺ ሐኪም ሆንሽ?» ይሉኛል። እባካችሁ አንድ በሉኝ። (ከሳሪስ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ከጻፍሽው ልጀምር፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። አባትሽ ክኒኑን በራሳቸው ውሳኔ እንዳያቆሙ። ግፊት አያምም። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ጎኑን ሲይዘው ወይም ልቡ ሲደክም ነው፤ ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም። ሳይቋረጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ያወርዳል። ትልቅ ነገር ነው፣ አልንቀውም። ግን ከ160 ላይ 8 ቀንሺና እዪው፦ 152። ግፊት ከሚባልበት ከ140 አሁንም በላይ ነው። ቁጥሩ በመድኃኒቱም በእንቅስቃሴውም ወርዶ ሲቆይ መጠኑን ሊቀንስ የሚችለው ሐኪማቸው ነው፣ እሱም ለክቶ አይቶ። ይህን በአንቺ አፍ ካልሰሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሻቸው ግቢና ጥያቄውን ለሐኪሙ አንሺለት።

ወደ ጁሱ ልምጣ። አንድ ቀን ቆመሽ ጁስ የሚሠራውን ልጅ አስተውዪው። ብዙ ቦታ አቮካዶው ከመግባቱ በፊት ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወደ 25 ግራም ይጠጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ይበልጥ ይበጃል ብሎ የሚመክረው የቀን ገደብ ደግሞ ለአዋቂ ሰው ከዚያው ከ25 ግራም ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ ሽሮፕ ይፈስበታል። ፍሬው ራሱ ሲፈጭና ሲጨመቅ ያው ፍሬ አይደለም፤ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ከተጠለለ ደግሞ ኮሌስትሮልን ለማውረድ የሚረዳው አሰር (ፋይበር) ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ሦስት ማንጎ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ ሲጠጣ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ ፍሬውን ይብሉ። ጠዋት አንድ ሙዝ፣ ከሰዓት አንድ ብርቱካን ከነነጩ ሽፋን፣ ማታ ግማሽ አቮካዶ ሎሚ ተጨምቆበት በዳቦ። ዘይቶን የሚያገኙበት ሰሞን ከሆነ ከነፍሬው ይብሉት፣ በአሰር የሚወዳደረው ጥቂት ነው። አትክልቱም ተደምሮ በቀን 400 ግራም ከሞላ በቂ ነው። አቮካዶ ቅባት አለው ብለው አይሽሹት፣ ቅባቱ በአብዛኛው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ጁስ ካማራቸው ትንሹን ብርጭቆ፣ ያለ ስኳር፣ አልፎ አልፎ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍራፍሬ ለግፊት ከሚጠቅምበት አንዱ ምክንያት ፖታሲየም ነው፤ ኩላሊት ጨውን በሽንት እንዲያስወጣ ይረዳል። ኤናላፕሪል ግን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ሙዝና ብርቱካን አያስፈራም። ኩላሊታቸው ደክሞ ከሆነ ግን ፖታሲየሙ ከልክ አልፎ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ ካላደረጉ ይጠይቁ።

ጨውንም አልጻፍሽም፣ እኔ ግን ሳልነካው ማለፍ አልችልም። በብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ ከዚያ ማዕድ ላይ «አልቀመሰም» ተብሎ እንደገና። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ያውም ዳቦው ውስጥ ያለው ተደምሮ። አባትሽ አሥር ብርቱካን ቢበሉ የቤታችሁን ጨው አይመልሱትም። ከማጀቱ ጀምሩ።

አሁን ሩጫው። መነሳታቸውን ወድጄዋለሁ፣ ተስፋ እንዳታስቆርጫቸው። ችግሩ ስድስት ቀን ተቀምጦ የከረመ የ59 ዓመት ልብ በሰባተኛው ቀን ደረጃ በሩጫ ውጣ መባሉ ነው። በእንቅስቃሴ ያልተለማመደ ሰው ድንገት ከባድ ነገር ሲሠራ በዚያው ሰዓት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመመታት አደጋው ከፍ ይላል፤ አዘውትሮ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ያ አደጋ በጣም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ብሪታኒያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደን አውቶብስ ሠራተኞችን አጥንቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡት ሹፌሮች ይልቅ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶብስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ በሚውሉት ትኬት ቆራጮች ላይ የልብ ሕመም ያነሰ ሆኖ አገኙት። ትኬት ቆራጮቹ ቱታ አልለበሱም፣ ውድድር አልገቡም። በየቀኑ መንቀሳቀሳቸው ነው።

ለአባትሽ የሚበቃው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ ዎክ በሳምንት አምስት ቀን። በአንዴ ካቃታቸው አሥር አሥር ደቂቃ ይከፋፍሉት። ከታክሲ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ፣ ቢሮ በሊፍት አይውጡ። ልኩን የሚያውቁት እንዲህ ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልክ ነው። ማውራትም ካቃታቸው ይቀንሱ። መስቀል አደባባይንም አይተዉ፣ ደረጃውን በእርምጃ ይውጡት፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሐኪማቸው ካልከለከላቸው ሶምሶማ ይጨምሩ። አንቺም አብረሽ ውጪ። ምክር የሚያናድዳቸው አባት ከልጃቸው ጋር እያወሩ መሄድ ደስ ይላቸዋል።

ደረት ላይ ጭንቅ የሚያደርግ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ካለ ስፖርቱ ቆሞ ምርመራ ይቅደም። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ መታኝ» እየተባለ ስንት ሰው አምልጦናል። አርፈውም ካልለቀቃቸው፣ ካላባቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ነገን አትጠብቂ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ በቶንሲል ምክንያት የልብ ቫልቭ ችግር አለብሽ ተብዬ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ። ጓደኞቼ ጂም ገቡ፣ እኔም ልግባ? (ከአዋሳ)

መልስ፦ ከመግባትሽ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ተነሺና ለሐኪምሽ በግልጽ ጠይቂ። ከላይ ለአባትየው የጻፍኩት ላንቺ አይሠራም። ቫልቭሽ ትንሽ ብቻ የተጎዳ ከሆነ ብዙ ነገር ሊፈቀድልሽ ይችላል። በጣም የጠበበ ከሆነ ግን ልብሽ በፍጥነት ሲመታ ደሙ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥረዋል፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ብረት ማንሳት ከሁሉም ይቅርብሽ፣ ቢያንስ ሐኪሙ እስኪያይሽ። መርፌሽን «ደህና ነኝ» ብለሽ አንድም ወር አትዝለዪ፤ እሱ ነው በሽታው እንዳይመላለስብሽ የሚጠብቅሽ። ማርገዝ ካሰብሽም አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ አራት ልጆች አሉኝ። ፍራፍሬ ብሉ ትላላችሁ፣ የገበያውን ዋጋ ታውቁታላችሁ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እውነትዎን ነው፣ የሚከፈለው ዋጋ ለብዙ ቤት ከብዷል። ደስ የሚለው 400 ግራሙ የግድ ማንጎና ብርቱካን መሆን የለበትም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም ሁሉም ይቆጠራል። ጎመኑን ብዙ አያብስሉት፣ ውኃውንም አይድፉት። ሙዝ ነጠብጣብ ያወጣውን ይግዙ፣ ጥቅሙ ያው ነው፣ ብዙ ጊዜም ይቀንሱልዎታል። ፍሬ በወቅቱ ሲረክስ ይግዙ፤ ማንጎ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ይሻላል። ድንች ግን ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ እሱን ከእንጀራውና ከዳቦው ጋር ይቁጠሩት።