የጠፋውም የወጣውም ይቆጠር፦ ስለ አዮን ልውውጥ ለወጣት ኬሚስቶች

ውድ ወጣቶች፣

በንብርብር በተሠሩት ጠጣሮች፣ በዚርኮኒየም ፎስፌትና ፎስፎኔት ላይ ለመሥራት ወደ ቤተ ሙከራ ለምትገቡ ሁሉ አጥብቄ የማሳስባችሁ አንድ ነገር አለ፤ አንድ አዮን ከሙሙቱ ጠፋ ማለት በንብርብሮቹ መካከል ገባ ማለት አይደለም።

ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። በወጣትነቴ የዚርኮኒየም ፎስፌት ዱቄት ላንታነም ባለበት ሙሙት ውስጥ አድርጌ አሲድነቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስቀንስ፣ ላንታነሙ ከሙሙቱ ፈጽሞ ጠፋ፤ እኔም ደስ ብሎኝ የልውውጡን መጠን፣ ማለትም ጠጣሩ ፕሮቶኑን (ሃይድሮጅን አዮኑን) ለቅቆ በምትኩ የያዘውን ላንታነም አስልቼ ለአማካሪዬ አቀረብሁ። ነገር ግን አሲድነቱ ቀንሶ ፒኤች ከፍ ሲል ጠጣሩ በከፊል ይፈርስና ፎስፌት ይለቅቃል፣ ይህም ፎስፌት ላንታነሙን ይዞ ይዘቅጣል። የቆጠርሁት ዝቃጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጠጣሩ የወጣውን ፕሮቶንና ወደ ሙሙቱ ያመለጠውን ፎስፎረስ ሳልለካ ስለ ልውውጥ አንድም ቁጥር አልጻፍሁም።

ክሊርፊልድና ስታይንስ በ1964 በክሪስታል መልክ የሠሩት አልፋ ዚርኮኒየም ፎስፌት በአንድ ግራም 6.64 ሚሊሞል ያህል ተለዋዋጭ ፕሮቶን አለው። ሦስት አዎንታዊ ሙል (ቻርጅ) ያለው አንድ የላንታነም አዮን ሦስት ፕሮቶን ስለሚተካ፣ ይህ ለሦስት ሲከፈል 2.21 ሚሊሞል ይሆናልና፣ ከዚያ የሚበልጥ ውጤት ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ዝቃጭ ፈልጉ።

የንብርብሮቹ ርቀት 0.76 ናኖሜትር ሲሆን፣ ግማሹ ፕሮቶን በሶዲየም ሲተካ ውሃ ይገባና ወደ 1.18 ይሰፋል፤ ናሙናው ሲደርቅ ግን መልሶ ይጠባል። ስለዚህ ምድጃ ውስጥ የደረቀው ዱቄት በኤክስሬይ የሚያሳየው ርቀት በሙሙቱ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ቁስ ርቀት አይደለም፤ እርጥቡን ሳታደርቁ ለኩት።

አልበርቲና ባልደረቦቹ በ1978 የፎስፌቱን ቦታ በፎስፎኔት (ፎስፎረሱ በቀጥታ ከካርቦን ጋር በተያያዘበት ቡድን) ተክተው ንብርብሩን በካርቦን ቡድኖች ሲያለብሱት ትልቅ በር ተከፈተ። ሆኖም ፌኒል የተባለውን የካርቦን ቀለበት የያዘው ዚርኮኒየም ፌኒልፎስፎኔት ብቻውን ተለዋዋጭ ፕሮቶን የለውም፤ በፌኒሉ ላይ የሰልፎኒክ አሲድ ቡድን ሲታከልበት ነው ብርቱ አዮን ለዋጭ የሚሆነው። እዚህ ላይ የክሪስታል ውበት እንዳያታልላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ሲዚየምን የመሰለ ትልቅ አዮን በአሲድ ውስጥ ወደ ጠባቡ ክሪስታል በቀላሉ አይገባም፣ ኤክስሬዩ ሰፋፊና ደብዛዛ መስመር የሚሰጠው ናሙና ግን ሊቀበለው ይችላል፤ እኔም ብዙ እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን «አልተሳካም» ብዬ ሳልሞክራቸው መድፋቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥሩ ክሪስታል ለማሳደግ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ በመስታወት ዕቃ አትሥሩ፤ ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ሳይኖርም ጠርሙሱን አትክፈቱ፣ የቀጠነው አሲድ ቆዳን ነክቶ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊሰማ ይችላልና። ያጣራችሁትንም ጠጣር እጣቢው ፎስፌት እስኪያጣ ድረስ እጠቡት፣ የመጨረሻውንም እጣቢ ከመድፋታችሁ በፊት መርምሩት።