መልስ፦ ከኬሚስትሪ ወደ ፎቶሲንተሲስ ምርምር

«በኬሚስትሪ ተመርቄ ፎቶሲንተሲስ (ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ሂደት) ላይ ለመመራመር ባዮሎጂን እንደገና ልጀምር?» ላልሽው፦ አያስፈልግሽም። በያዝሽው ዲግሪ ለማስተርስ አመልክቺ፤ የጎደለሽን የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ (የተክል አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናውን ትምህርት) እዚያው ትወስጂዋለሽ።

አሜሪካዊውን ኬሚስት ሜልቪን ካልቪንን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1935 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በኬሚስትሪ ነው። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ቆይቶ በ1937 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ከአንድሪው ቤንሰንና ከጄምስ ባሻም ጋር ለአልጌ (በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ሕያዋን) ካርቦን-14 የተባለው ጨረር የሚለቅ ካርቦን ያለበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሰጡ፣ በሰከንዶች ውስጥ በትኩስ አልኮል እየገደሉ፣ ውህዶቹን በወረቀት ክሮማቶግራፊ (ፈሳሽ በወረቀት ላይ ሲጓዝ ውህዶችን በሚለይ ዘዴ) እየለዩ ካርቦን ስኳር እስኪሆን የሚያልፍበትን መንገድ ደረሱበት። ሥራው ከዳር እስከ ዳር የኬሚስት እጅ ያለበት ነው። የ1961 የኬሚስትሪ ኖቤል ግን ለካልቪን ብቻ ተሰጠ፤ የቤንሰን መቅረት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቅጠል እንደ ጠርሙስ ኬሚካል ባለበት አይጠብቅሽም። እኔም የመጣሁት ከኬሚስትሪ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የቅጠሎቹን የፎቶሲንተሲስ ልኬት ሁሉ በቀትር ወሰድኩ። በሙቀቱና በደረቁ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባባቸው የቅጠሉ ቀዳዳዎች እየተዘጉ ስለነበር የሦስት ወር ሥራ ጣልኩ። አንቺ ጠዋት ለኪ፤ ሰዓቱን፣ ሙቀቱንና ተክሉ ውኃ የጠጣበትን ቀን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ጻፊ።