ቋንቋ ለምታስተምሩ ልጆቼ፦ ትንሽ ዝም በሉ

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ታዲያ አዲስ የተመደቡ መምህራን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጋሼ፣ ጎበዝ የቋንቋ አስተማሪ ለመሆን ምን እናድርግ?" ይሉኛል። ትንሽ ዝም በሉ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል።

እስቲ አስሉት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው 60። እናንተ አንዲት ቃል ባትተነፍሱ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፤ እናንተ ደግሞ ግማሹን ሰዓት ሰዋስው ስትተነትኑ ትጨርሱታላችሁ! ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ እርስ በርስ አናግሯቸው። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ዳይሬክተሩም በመስኮት ማየቱ አይቀርም፤ ይይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ስለሆነ ንግግር አይጠየቅበትም፣ እኛም ለፈተናው ብቻ እናስተምራለን፤ ለዚህ ነው አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ሲገለብጥ የማይሳሳት ልጅ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የመጣ ፈረንጅ መንገድ ሲጠይቀው ላብ በላብ የሚሆነው።

ደግሞ የተማሪያችሁን ቋንቋ በመጠኑም ቢሆን እወቁ። እዚህ ከተማ በሲዳሙ አፎ፣ በወላይትኛና በአማርኛ አፍ የፈቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሦስቱም ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እንግሊዝኛ ግን መሃል። ይህን የሚያውቅ መምህር ልጁ ዳቦ እበላለሁ ለማለት "አይ ብሬድ ኢት" ሲለው አይበሳጭም፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ገብቶታላ! የማያውቀው "ሰነፍ" ብሎ ያልፈዋል። ክፍሉም ይስቃል። አንዴ የተሳቀበት ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እጁን ላያወጣ ይችላል፤ አደራ፣ ሳቁን እዚያው አስቁሙ።

ራሳችሁም አንብቡ። በደሞዛችን መጽሐፍ አይገዛም እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ እውነታችሁን ነው፤ ተዋሱ።

ድርሰት ስታርሙ ቀይ እስክሪብቶውን ቆጥቡ። 60 ደብተር ላይ ያለውን ስህተት ሁሉ ማስመር እናንተን ይገድላችኋል፣ ልጁም ቀይ በቀይ ሲያየው ደብተሩን ይዘጋዋል። በዚህ ሳምንት የግስ ጊዜን ብቻ እዩ፣ በሚቀጥለው ካፒታል ሌተርና ነጥብ። እናቴ ታማለች ብሎ ለጻፈ ልጅ ስፔሊንጉን ብቻ አርማችሁ አትመልሱለት፤ አሁን ተሻላት ወይ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ጻፉለት፣ እሱም ጽፎ ይመልስላችኋል።